በካምፓላ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠየቃል

ሠላሳ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ። በአዲስ አበባ በኔ ክልል ያልገባሁበት ግቢ፣ ያልጮኸብኝ ውሻ የለም። በሄድኩበት ሁሉ ደግሞ "ነይ እንጂ ቁርስ ቅመሺ" እባላለሁ። የመጀመሪያው ግብዣ ለወጉ ነው፤ "አይ፣ በልቼ ነው የወጣሁት" እላለሁ። ሁለተኛው ለይሉኝታ ነው፤ "በጭራሽ፣ አትቸገሩ" እላለሁ። ሦስተኛው መጥቶ "በሞቴ" ከተጨመረበት ግን የምር ነው፤ ያኔ ደብተሬን አስቀምጬ እቀመጣለሁ። በዚህ ሕግ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውም አላስቀየምኩም፣ ሆዴንም አልበደልኩም። ካምፓላ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ግን ይኸው ሕግ ጉድ ሠራኝ። ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

ታናሽ እህቴ ሰናይት ካምፓላ መኖር ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በአራተኛው ዓመት ላይ ቤት ተከራይታ ስትደላደል በስልክ "እትዬ፣ መጥተሽ እዪኝ" አለችኝ። "አይ፣ ሥራ አለብኝ" አልኳት። ደግማ አላለችኝም። በየሳምንቱ እናወራለን፤ ስለ ወንድሞቻችን፣ ስለ ጤናችን፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሳይቀር እናነሳለን፤ "ነይ" የሚለው ቃል ግን ከዚያ ወዲህ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽም። ዘንድሮ ጡረታ ስወጣ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ "ልመጣ ነው" አልኳት። "እውነትሽን ነው?" አለች። ደስ ይበላት ይክፋት ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም።

እሑድ

ከአዲስ አበባ እንቴቤ የሁለት ሰዓት በረራ ነው። ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ለመድረስ ከሚፈጀው አይበልጥም፤ ይህን ያህል ቅርብ መሆኑን ሳውቅ ነይ ሳልባል በቀረሁበት ስምንት ዓመት ይበልጥ ተናደድኩ። አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል ሐይቁ ታየኝ። ጣናን ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ሐይቅ አያስደንቀኝም ብዬ ነበር፤ የዚህኛው ግን ዳርቻው የለም።

ሻንጣዬ ግማሹ በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ነው። ጉምሩክ ላይ አንዱ ወጣት ሠራተኛ ክፈቺ አለኝ፤ ከፈትኩ። የበርበሬውን ላስቲክ አንሥቶ አሸተተ። ሁለት ጊዜ አስነጠሰው፤ ሦስተኛውን ሳይጠብቅ ሻንጣውን በገዛ እጁ ዘጋልኝና እየሳቀ እስከ በሩ ድረስ ጎተተልኝ።

ሰናይት ውጪ ቆማ ነበር። ጠጉሯ ሸብቷል። በስልክ ሽበት አይታይም። ተቃቅፈን ትንሽ አለቀስንና ታክሲ ውስጥ ገባን፤ እኔማ መጀመሪያ ሹፌሩ ቦታ ልቀመጥ ነበር። እዚያ መሪው በቀኝ፣ መንገዱም በግራ ነው፤ ከፊት ለፊታችን መኪና በመጣ ቁጥር እግሬ ወለሉ ላይ ፍሬን ሲረግጥ ካምፓላ ደረስን። አፈሩ ቀይ፣ ሌላው ሁሉ አረንጓዴ ነው። የመብራት እንጨት ላይ ሐዋሳ ላይ አባ ኮዳ የምንላቸው ራሰ በራ ወፎች ተኮፍሰው ያዩናል። እዚያ ለዓሣ ሐይቅ ዳር ይቆማሉ፤ እዚህ ከተማ መሀል የቆሻሻ ገንዳ ይጠብቃሉ።

የሰናይት ቤት ካምዎክያ ነው። ከላይ ኮረብታው ላይ አጥራቸው የረዘመ ትልልቅ ቤቶች ያሉበት ቆሎሎ አለ፤ ካምዎክያ ከሥሩ፣ ሱቁም ሰዉም ልብስ አጣቢውም ትከሻ ለትከሻ የተያያዘበት ሰፈር ነው። ቦሌንና ሾላ ገበያን አንድ ዳገት ላይ አስቀምጡልኝ፤ ያው ነው።

"እራት ትበያለሽ?" አለችኝ እንደገባን።

"አይ፣ አውሮፕላን ላይ በላሁ" አልኳት።

"እሺ" አለችና ድስቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችው። የዶሮ ወጡ ሽታ አፍንጫዬ ላይ እንዳለ ሻንጣዬን ከፍቼ በሶ በጥብጬ ጠጣሁ። "ተለውጣለች" አልኩ በሆዴ።

ሰኞ

ዘነበ። ቤት ዋልን። ሰናይት ሽንኩርት እየላጠች የኑሮዋን ነገር አጫወተችኝ። አሥር ዓመት ኪኩቦ በሚባለው የጅምላ ገበያ የአንድ የወሎ ሰው ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሠርታለች። ከሦስት ወር በፊት ለቀቀች። አሁን እንግዶችን ይዛ ካምዎክያን በእግር እየዞረች የሰፈሩን ምግብ ልታስቀምስ ተነሥታለች፤ የማን ምግብ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚበላ እየነገረች። እንግዳን እንዲህ የሚያዞሩ ሌሎችም አሉ፤ እነሱ የሚያቆሙት ግን መንገድ ዳር ነው። የሷ ሐሳብ መጨረሻውን ሰው ቤት ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ማድረግ ነው። ያሰበችውም የናሎንጎን ቤት ነው።

ናሎንጎ ስም አይደለም፤ መንታ ለወለደች እናት የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በዚሁ ይጠራቸዋል፤ ሌላ ስማቸውን የሚያውቅ ያለም አይመስለኝም።

"ቅዳሜ አንድ ሆቴል ስምንት እንግዶች ይልክልኛል፤ የመጀመሪያዬ ናቸው" አለች። "ናሎንጎ ግን ገና እሺ አላሉም። 'አንድ እንግዳ አምጪና ልየው፤ ከዚያ እነግርሻለሁ' አሉ። ነገ አንቺን ነው የምወስደው።"

"እምቢ ካሉስ?"

"ወደ ሱቁ እመለሳለሁ፤ ቦታዬን እስከ ወሩ መጨረሻ ይዘውልኛል።" ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። የሽንኩርቱ ይሁን የሌላ አልጠየቅኩም። ይልቅስ "አታስቢ፤ ሰው ቤት መግባት የኔ ሙያ ነው" አልኳት አፌን ሞልቼ።

ማክሰኞ

በጠዋት ወጣን። መጀመሪያ ያቆመችኝ ሮሌክስ ጋ ነው፤ እንቁላል ከቲማቲምና ከጎመን ጋር ተጠብሶ ቻፓቲ በሚሉት ስስ ቂጣ ይጠቀለላል። መቀመጫ የለም፤ እየሄዱ ነው የሚበላው። በኔ ዕድሜ እየበላሁ መንገድ ለመንገድ ስሄድ የሰፈሬ ሰው ቢያየኝ ጡረታው አእምሮዋን ነካት ይል ነበር። ማንም አላየኝም፤ ጨረስኩት።

ከዚያ ፌኔ የሚሉት፣ ከዱባ የሚበልጥ ቆዳው ሻካራ ፍሬ ጋ ደረስን። ውስጡ ቢጫና ጣፋጭ ነው። "እኔ ልፈልቅቀው" ብዬ እጄን ሰደድኩ። የፍሬው ወተት እንደ ማስቲሽ ነው ለካ፤ አምስቱም ጣቴ ተጣብቆ ቀረ። በውሃ ባጥበው ባሰበት። ሻጯ ሴትዮ ሳቋን እንደምንም አፍና እጄን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በምግብ ዘይት ጣት በጣት አሸችልኝ። ገበያተኛ ቆሞ እየጠበቃት እኮ ነው! እናቴ ካጠበችኝ ወዲህ እጄን እንደዚያ የያዘው ሰው የለም። ሰናይትም ሳቀች፤ ያን ጠዋት ደስ ብሎን ነበር።

ናሎንጎ ቤት የደረስነው በምሳ ሰዓት ነው። ግቢው ተጠርጓል። ቆጣሪውን ሳላይ አላልፍም፤ በብረት ፍርግርግ ታጥሮ፣ መስተዋቱ ተወልውሎ አየሁት። ሥርዓት ያለው ቤት ነው አልኩ። ናሎንጎ በዕድሜ ከኔ ጥቂት የሚበልጡ፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ረጅም ቀሚስ በመቀነት ያሰሩ ሴት ናቸው። ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ከፊት ለፊቴ መጥተው ተንበረከኩ።

በኛ አገር ሰው እግር ላይ የሚወድቀው ወይ አጥፍቶ ነው ወይ ተበድሎ። የወደቀውን ሰው ዝም ብሎ የሚያይ ደግሞ ሰው አይባልም። "ኧረ በማርያም! ኧረ ምን ሆነው ነው!" ብዬ ዘልዬ ተነሣሁና በሁለቱም ብብታቸው ገብቼ ብድግ አደረግኳቸው። ከባድ ናቸው፤ ግን አነሣኋቸው። ሰናይት አፏን ከፍታ ቀረች። ናሎንጎ ቀሚሳቸውን አስተካክለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ተመልሰው በሙዝ ቅጠል የታሰረ ነገር ይዘው መጡ። ሉዎምቦ ይሉታል፤ ዶሮ በኦቾሎኒ ወጥ ቅጠል ውስጥ ታስሮ በእንፋሎት ይበስላል። ማቶኬም አለ፤ ያልበሰለ ሙዝ ተልጦ፣ እሱም በቅጠል በስሎ፣ ታሽቶ። ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርጉት ያ ሽታ! ድፎ ዳቦ በኮባ ተጋግሮ ኮባው ሲነሣ የሚመጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ፤ እሱው ነው፣ ዶሮ ተጨምሮበት። በሰናይት አስተርጓሚነት "ትበያለሽ?" አሉኝ።

"አይ፣ አመሰግናለሁ፣ ጠግቤያለሁ" አልኩ እንደ ወጉ። ምራቄን ዋጥኩና ሁለተኛውን ጠበቅኩ።

ናሎንጎ አዩኝ። ቅጠሉን መልሰው አጠፉት፣ አነሡት፣ ይዘውት ሄዱ። ጓዳ ውስጥ የድስቱ ክዳን ሲገጠም ተሰማኝ። ሁለተኛው አልመጣም።

መንገድ ላይ ሰናይት ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። "ሲሸኙን ምን አሉሽ?" አልኳት።

"'እንግዳሽ ሰላምታዬን አቋረጠች፣ ምግቤንም መለሰች። ቤቴን አልወደደችውም። የቅዳሜዎቹን ሌላ ቦታ ውሰጃቸው።'"

ክው አልኩ። "እኔ እኮ ያከበርኳቸው መስሎኝ ነው!"

"አውቃለሁ እትዬ" አለች። እርምጃዋንም አፋጠነች።

ረቡዕ

ሰናይት ወደ ሥራዋ እንደምትመለስ ለሱቁ ባለቤት ልትነግራቸው ወደ ኪኩቦ ስትወጣ ተከተልኳት። ኪኩቦ መርካቶን በጠባብ ቀሚስ ማየት ነው፤ መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም፣ ተሸካሚው ግን ከነጭነቱ ይመጣል። የሚጮኹት ቃል ባይገባኝም ትርጉሙ ገባኝ፤ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ። ሱቁ ተዘግቶ አገኘነው፤ ባለቤቱ ከሰዓት ነው የሚመጡት። ስንጠብቅ አንዲት ምግብ ቤት ገብተን፣ ጾምም ስለሆነ፣ ፖሾና ባቄላ አዘዝን። ፖሾ የነጭ በቆሎ ገንፎ ነው፤ መሀሉ ላይ የቅቤ ጉድጓድ የሌለው፣ ጠጣር፣ በቢላዋ የሚቆረጥ።

"ለምን ደግመው አልጠየቁኝም ግን?" አልኩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳመነዥከው ያደርኩት እሱን ነው።

"እዚህ አልፈልግም ካልሽ አልፈለግሽም ማለት ነው" አለች። "ደግሞ መጠየቅ 'ውሸትሽን ነው' እንደማለት ነው፤ ነውር ነው። መንበርከኩም ሰላምታ ነው። አንቺ ዝም ብለሽ መመለስ ብቻ ነበር የሚጠበቅብሽ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልነገርኩሽም። የኛ አገር ሰው እንዴት እንደሚበላ ረስቼዋለሁ መሰለኝ።"

"እሑድ ዕለት ዶሮውን ማቀዝቀዣ የከተትሽው ለዚህ ነው?"

"እንዴ! አልበላም አላልሽም?"

"አንድ ጊዜ ነዋ ያልኩት!" ጮኽኩ መሰለኝ፤ አጠገባችን ያሉት ዞሩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ስምንት ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት። "ነይ ያልሽኝም አንድ ጊዜ ነው።"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ሥራ አለብኝ አልሽኝ። እምቢ አለችኝ አልኩ። የኔን ኑሮ ማየት አልፈለገችም አልኩ። ሳልፈለግ ምን ብዬ ልድገም?"

"እኔ እኮ ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ነበር።"

"ስምንት ዓመት?"

"ስምንት ዓመት።"

ፖሾው ቀዘቀዘ። ሰናይት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ተበላሸባትና ሻርፗን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔም ዓይኔን ጠረግኩ። በሁለት ሰዓት በረራ ርቀት ተቀምጠን ስምንት ዓመት ተኳረፍን፤ ያውም ሳንጣላ! አስተናጋጇ የሆነ ሰው የሞተብን መስሏት ሻይ በነፃ አመጣችልን።

ሻዩን ስጨርስ "ለባለቤቱ እስከ ዓርብ ምንም አትንገሪ" አልኳት። "ነገ ናሎንጎ ጋ እመለሳለሁ።" ስኳር፣ ሳሙናና ዳቦ ገዛን፤ እዚያ ሰው ቤት ሲኬድ የሚያዘው እሱ ነው። እኛ ዘንድ ብርቱካንና ሙዝ ነበር፤ ለካምፓላ ሰው ሙዝ መውሰድ ግን ለጎጃም ሰው ጤፍ እንደመላክ ነው።

ሐሙስ

ሰናይት የሚጠበቁብኝን ቃላት አስተማረችኝ። "ጀባሌ ኮ ኛቦ" ይባላል። ትርጉሙን ስትነግረኝ ደስ አለኝ፤ ለሥራሽ እንኳን በረታሽ እመቤቴ እንደማለት ነው። ሲሠራ ለተገኘ ሰው "ያበርታህ" የምንለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ለሁሉም ሰው መስጠታቸው ነው። ቃሉ እንዳይጠፋብኝ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ወደ ጎን ተቀምጬ፣ በአንድ እጄ የሹፌሩን ጃኬት፣ በሌላው ዳቦውን ይዤ ስደጋግመው ሄድኩ፤ ሰናይት በሌላ ሞተር ትከተለኛለች። ሹፌሩ ለሱ እያልኩት መስሎት በየጊዜው ይመልስልኛል። ጉድጓድ ሲዘል ግን "አቡዬ!" ነው የምለው።

ናሎንጎ ግቢ ውስጥ ቅጠል በእሳት እያለሰለሱ ነበር። ሳይቀድሙኝ ከፊታቸው ምንጣፉ ላይ ተንበረከክሁ። ለዚህ ጉልበቴ አይታማም፤ የአዲስ አበባ ቆጣሪ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው፣ ሠላሳ ዓመት ለቆጣሪ የተንበረከከ ጉልበት ነው። "ጀባሌ ኮ ኛቦ" አልኩ።

ናሎንጎ ቅጠሉን አስቀመጡና እሳቸውም ተንበረከኩ። ያን ጊዜ እጄ ሊያነሣቸው ቃጣው፤ ጭኔ ሥር ቀበርኩት። ጠየቁኝ፣ መለስኩ፤ ቃሌ ሲያልቅ ሰናይት ሞላችልኝ። ቤተሰቡን፣ መንገዱን፣ ሥራውን አንድ በአንድ ጠየቁኝ፣ በየመሀሉም "እም" እያሉ። የኛ ባላገር ሰላምታ ትዝ አለኝ፤ እኛ ከተሜዎቹ ነን ያሳጠርነው።

ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጬ የቅጠሉን አከርካሪ በቢላዋ እየላግሁ አቀበልኳቸው። ይህን የሚያስተምረኝ የለም፤ ለበዓል ዳቦ ኮባ ስልግ ኖሬያለሁ። ናሎንጎ አንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። አልተቀደደም። ለሰናይት አንድ ነገር አሏት፤ "እጇ ያውቃል አሉ" አለችኝ።

ምሳ ደረሰ። ቅጠሉ ተገለጠ። እኔ ተዘጋጅቻለሁ፤ ጠዋት ቁርስ እንኳ አልቀመስኩም። "ትበያለሽ?" አሉኝ።

"ዬ!" አልኩ ጥያቄው ሳያልቅ፤ አዎ ማለት ነው። እጄንም ዘረጋሁ።

ናሎንጎ ግን ሳህኑን አልሰጡኝም። ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ትበያለሽ?" አሉ እንደገና።

"ዬ፣ ዬ!" አልኩ። ግራ ተጋብቼ ሰናይትን አየኋት፤ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛለች።

ናሎንጎ አየር ሳቡ። ሳህኑን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ቃሉን እንደ ትኩስ ድንች በጥንቃቄ እያገላበጡ፣ በአማርኛ፣ "ብ-ይ በ-ሞ-ቴ!" አሉ። ከዚያ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ እንዳወረደ ሰው ትከሻቸውን ጣል አደረጉ።

ለካ ሰናይት ትናንት ከሰዓት እኔ ሳላይ ደውላ ሁሉን ነግራቸዋለች። እኔ የሳቸውን ሥርዓት ላከብር አንድ ጊዜ ስዘጋጅ፣ እሳቸው የኔን ሊያከብሩ ሦስት ጊዜ ሲለማመዱ አደሩ። ምንጣፉ ላይ ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን። ዶሮው ገና በእጅ ሲነካ ይፈርሳል፤ ኦቾሎኒው አፍ ውስጥ ይቀልጣል። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ፤ በሁለቱም ጊዜ ሳልለመን።

ስንሸኝ ናሎንጎ በሩ ላይ ሰናይትን ያዝ አድርገው ተናገሯት። ፊቷ ሲበራ አየሁት።

"ምን አሉ?"

"'ቅዳሜ ይምጡ። ግን ስምንቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ አልጠይቅም፤ እራት ሊደርስ ነው!'"

ቅዳሜ

ዓርብ ሙሉ ቀን ቅጠል ስልግ ዋልኩ። ቅዳሜ ስምንቱ መጡ፤ አምስት ፈረንጆች፣ ሦስት ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ የዚያው አገር ሰዎች። ሰናይት ከፊት ስትመራቸው፣ ከሻጩ ጋር በሉጋንዳ፣ ከእንግዳው ጋር በእንግሊዝኛ፣ ከኋላ ለምከተለው ለኔ ደግሞ በአማርኛ ስትናገር አየኋት። ያቺ ጠላ ቤት ተልካ እንኳ መንገድ ትስት የነበረች ልጅ! ኩራቴን የት ላድርገው። ፌኔው ጋ ሲደርሱ አንዱ ፈረንጅ እጁን ሰደደ፤ ሻጯ እኔን አይታ ዘይቱን አስቀድማ አነሣች።

ናሎንጎ ቤት ሁሉም በሉ። አንዲት ፈረንጅ ብቻ ፈራ ተባ ብላ "አይ፣ አመሰግናለሁ" አለች። ናሎንጎ ሳህኑን ይዘው መንገድ ጀምረው ነበር። መሀል ላይ ቆሙ፣ በሰዎቹ ራስ ላይ አሻግረው እኔን አዩኝ፣ ተመለሱና ደግመው ጠየቋት። ሴትየዋ በላች።

እሑድ

ሰናይት እስከ እንቴቤ ሸኘችኝ። ሻንጣዬ በበርበሬው ፋንታ ኦቾሎኒ ይዟል። ወደ ሱቁ እንደማትመለስ በጠዋት ደውላ ለባለቤቱ ነግራቸዋለች፤ መርቀው ለቀቋት። በሩ ጋ ስንደርስ ሻንጣዬን አስያዘችኝና ዓይኗን ወደ ሌላ ቦታ አድርጋ፣ ፈጠን ብላ፣ "ለፋሲካ ትመጫለሽ?" አለች።

አንድ ጊዜ ነው የጠየቀችኝ። ሥራም የለኝም፣ ቢኖረኝም ምን ዋጋ አለው።

"እመጣለሁ" አልኳት።

ለሁለተኛው ከፍታው የነበረውን አፏን ዘጋችና አቀፈችኝ። ይህን ከመጻፌ በፊት ሄጄ ትኬቱን ቆርጫለሁ።